ስቅለት ዕለት የተጫነው ቢራ

በሽኝቴ ቀን ስለ እኔ ከተነገረው መልካም ነገር ግማሹ የሌላ ሰው ነበር።

እንጅባራ ዳር ካለችው ትንሽ ቢራ ፋብሪካችን ግቢ ድንኳን ተጥሎ፣ በግ ታርዶ፣ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። የፋብሪካዋ ባለቤት ወይዘሮ ብርቱካን ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ «ደምሴ ባይኖር ቢራችን ከዳንግላ ገበያ አያልፍም ነበር። ዛሬ ናይሮቢ ድረስ የሚሄደው በሱ ታማኝነት ነው» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። ጋቢ አለበሱኝ። ጋቢ ሰውን ያሞቃል እንጂ እንዲህ ላብ በላብ ያደርጋል ብዬ አላውቅም ነበር።

ተራዬ ደርሶ ድምፅ ማጉያውን ሰጡኝ። ሳምንት ሙሉ ሳሰላስለው የከረምሁት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ስለ ጠማቂያችን ስለ አያ ፈንታ። ጉሮሮዬን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ። ከፊት የተቀመጡት ልጆች ስልካቸውን አውጥተው እየቀረጹኝ ነው። «ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀመጥሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ንግግር አድርጌአለሁ፤ እንደዚያች አጭር ንግግር ያሳፈረችኝ ግን የለችም።

ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ጡረተኛ ሌላ ምን ሥራ አለው? ጠዋት ተነሥቼ፣ ለብሼ፣ በሩ ጋ ስደርስ የምሄድበት እንደሌለ ትዝ ይለኛል። ባለቤቴ፣ «ዛሬም ሰዓት ፊርማ አለብህ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። የሚናፍቀኝ ግን ፊርማው አይደለም። የተቆላው ገብስ ሽታ ይናፍቀኛል። በእንጅባራ ብርድ እጄን ኪሴ ከትቼ ወደ ታንኮቹ ስገባ፣ አያ ፈንታ ጆሯቸውን ታንክ ላይ ለጥፈው፣ ዝም በል ብለው በጣታቸው ሲያመለክቱኝ ይናፍቀኛል።

ሥራ የጀመርሁት ዳንግላ ነው፤ በንግድ ጽሕፈት ቤት፣ የሚዛን ተቆጣጣሪ ሆኜ። በገበያ ቀን የብረት መመዘኛዬን በከረጢት ይዤ ከበርበሬ ተራ እስከ ቅቤ ተራ እዞራለሁ። ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ሚዛናቸውን ይወለውላሉ፤ ካለፍሁ በኋላ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ስለሱ የሚጻፍ የለም። የመጀመሪያው አለቃዬ ቁጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ አንድ ነገር ግን አስተምረውኛል። ቆመው አይፈርሙም። የቱንም ያህል ቢቸኩሉ ወንበር ስበው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብበው ነው። «ፊርማህ ካንተ ቀድሞ ፍርድ ቤት ይደርሳል» ይሉኝ ነበር። ይህን ምክር በጥሞና ሰምቼ፣ በሚያስፈልገኝ ቀን ረሳሁት።

ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ እንጅባራ ተዛወርሁ። የተሰጠኝ ወንበር የውጭ ገበያ ልማት ይባላል። ስሙ ትልቅ ነው። ከአዊ ድንች ይወጣል፣ ገብስ ይወጣል፣ ማር ይወጣል፣ ከሰል በመኪና በመኪና ይወጣል፤ የሚሄደው ግን ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ነው። ከኔ ጠረጴዛ ተነሥቶ ድንበር የተሻገረ ነገር ቢኖር የኔው ሐሳብ ብቻ ነበር። ዓመት ሙሉ ሪፖርት እጽፋለሁ፤ ሪፖርቱም ፋይል ውስጥ ገብቶ ይተኛል።

አንድ ቀን አለቃዬ ጠርቶኝ፣ «ወይዘሮ ብርቱካን የሚባሉ የእህል ነጋዴ ቢራ መጥመቅ ጀምረዋል። ወደ ውጭ እንሸጣለን እያሉ ቁም ስቅላችንን እያሳዩን ነው። ሦስት ወር ሂድና ደግፋቸው» አለኝ። ሄድሁ። ሦስቱ ወር ሲያልቅ አልተመለስሁም፤ መንግሥትን ተሰናብቼ እዚያው ተቀጠርሁ። እስከ ጡረታዬ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ፋብሪካ ማለት ማጋነን ነው። ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ሁለት ረጃጅም የቆርቆሮ ቤቶች፣ አራት ታንኮች፣ አንድ ትልቅ የማፍሊያ ድስት፣ ጠርሙስ የሚሞሉና ቆርኪ የሚመቱ ስምንት ሴቶች፤ በቃ ይኸው ነው። ቢራው ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ቢራ የሚለየው ግን ወዲያው ነው። ገብሱ እዚሁ ደጋው ላይ የበቀለ ነው፤ ከፊሉ እስኪጠቁር ይቆላል። ምሬቱ የሚመጣው ከጌሾ ነው። ቀለሙን ያየ ጠላ ነው ይላል፤ ሲቀዳ ግን ጥርት ብሎ አረፋ ይደፋል። «አገሩን ለቆ የሄደ ሰው አንድ ጊዜ ከቀመሰው አይተወውም» ይሉ ነበር ወይዘሮ ብርቱካን። ልክ ነበሩ።

ጠማቂው አያ ፈንታ ነበሩ። ዘንገና አጠገብ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ከአገር ርቀው በአንድ ትልቅ ቢራ ፋብሪካ ሃያ ዓመት ሠርተው፣ ለእርጅናቸው ወደ መሬታቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማያበዙ። ከሴቶቹ ጋር በአዊኛ፣ ከኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ከቢራው ጋር ግን በአዊኛ ብቻ ነው። አንድ ቀን ምን እያሉት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አትቸኩይ እያልኋት ነው» አሉኝ። ቢራ ለሳቸው ሴት ነበረች።

ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ጆሯቸውን በየታንኩ ሆድ ላይ ይለጥፋሉ። ውስጡ ሲፈላ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ አለው፤ ያን ማንም ይሰማል። እሳቸው ግን ድምፁ ከጠፋ በኋላም ያዳምጣሉ። ቀጥሎ የእጃቸውን ጀርባ ታንኩ ላይ ያሳርፋሉ፤ መዳፍ በሥራ ደንድኗል፣ አይሰማም ይላሉ። መቅመሱ የመጨረሻ ነው። ሊቀምሱ ሲሉ ከዋዜማው ጀምረው ሽንኩርትና በርበሬ አይነኩም። ጥቂት ጥሬ ገብስ አኝከው ይተፋሉ፤ አፋቸውን በውኃ ይጉመጠመጣሉ። የቢራውን የመጀመሪያ ጉንጭ ይተፉታል፤ ሁለተኛውን ይውጡታል። «ምላስ ላይ ትዋሻለች፤ እውነቱን የምትናገር ጉሮሮ ላይ ነው» ይሉኛል። ከዚያ የሚወጣቸው አንድ ቃል ነው፤ ወይ «ደርሳለች»፣ ወይ «ገና ናት»። ደርሳለች ካሉ ፎርሙ ላይ «ቀማሽ» በምትለው መስመር ይፈርማሉ። እሳቸው ሳይፈርሙ አንዲት ሳጥን ከግቢ አትወጣም።

እኔንም ሊያስተምሩኝ ሞክረው ነበር። አስቀምሰውኝ፣ «ምን አገኘህ?» ይሉኛል። «ጥሩ ነው» እላለሁ። «አንተ አትቀምስም ደምሴ፤ አንተ ትጠጣለህ» ብለው ብርጭቆውን ይነጥቁኛል። በሁለተኛው ዓመት ይሆናል፣ አንድ ጠዋት ቀምሼ «መጨረሻዋ ላይ ትንሽ ጣፈጠችኝ» ብላቸው ትክ ብለው አዩኝ። ጣፋጭነቱ ስኳሩ ገና ተበልቶ አላለቀም ማለት ነው። የቀረውን ጥሬ ገብስ መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሽልማት ተቀብያለሁ፤ እንደዚያች እፍኝ ገብስ ደስ ያለኝ አልነበረም።

መዋጥ ግድ ስለሆነ ጾም ሲገባ ችግር ነው። አያ ፈንታ የደብራቸው የማርያም ማኅበር ሙሴ፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነበሩ፤ ጾም አይሸራርፉም። በጾም ቀን የሚቀምሱት ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ነው። በሕማማት ደግሞ ከሐሙስ ማታ እስከ እሑድ ዶሮ ጩኸት እህል ውኃ በአፋቸው አይዞርም፤ ያኔ ፋብሪካዋም አብራ ትጾማለች። እኔ በዚህ እበሳጭ ነበር። የስኳር መለኪያ አለን፣ ለምን የአንድ ሰው ጾም እንጠብቃለን? እላለሁ። አይከራከሩኝም። «መለኪያውም ይለካ፣ እኔም ልቅመስ። ሁለት ምስክር ካንድ ይሻላል» ይላሉ።

የኔ ሥራ ገዢ ማግኘት ነበር። መጀመሪያ ስድስት ጠርሙስ በሹራብና በካልሲ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ ሞያሌን ተሻግሬ ናይሮቢ ገባሁ። ከምግብ ቤት ምግብ ቤት ዞርሁ። አንዱ «ጠላ በጠርሙስ ታመጣላችሁ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። አምስተኛው ላይ ዮናስ የሚባል የጎጃም ሰው አገኘሁ፤ ሁለት ምግብ ቤት አለው። ቀመሰ። ብርጭቆውን እስከ መጨረሻው ጠጣ። «ይኼን የጠመቀው ሰው ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ። ስነግረው፣ «ዕድሜ ይስጠው» ብሎ አዘዘ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀስ እያለ የሚሄድ ነው። ፈቃዱ፣ ማኅተሙ፣ የጤና ምርመራው፤ ወረቀቱ ከቢራው ይከብዳል። ቢራ መሸጥ ደግሞ ከቢራ መጥመቅ ሌላ ዕውቀት እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው። የጠርሙሱ ወረቀት በረዶ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ይላጣል፤ ሙጫ ቀየርን። ቆርኪው በመንገድ ይዝጋል፤ ቆርኪ ቀየርን። ከሁሉ የከፋው ሙቀቱ ነው። እኛ አገር ብርድ ነው፤ ያላለቀ እርሾ በብርድ ይተኛል፣ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ቆላ ሲወርድ ግን ይነቃል። ጠርሙስ ውስጥ የነቃ እርሾ ደግሞ መውጫ የለውም።

በሦስተኛው ዓመት ዮናስ ሙሉ መኪና አዘዘ። ሦስተኛ ምግብ ቤቱን በዳግም ትንሣኤ ሊከፍት ነው፤ የቢራችንን ስም ያልሰማ እንግዳ ሁሉ የሚመጣበት ቀን ነው። ይህች ጭነት ከተሳካች ፋብሪካዋ በእግሯ ትቆማለች፤ ካልተሳካች ወይዘሮ ብርቱካን ሴቶቹን ሊበትኑ እንደሆነ ነግረውኛል። ቢራው በሁለት ታንክ ነበር። ሦስተኛዋን ታንክ አያ ፈንታ ረቡዕ ማታ፣ ከጸሎት መልስ ቀምሰው «ደርሳለች» አሉ። ጠርሙስ ገባች። አራተኛዋ የሰሜኑን ግድግዳ ተጠግታ ስለነበር ይበርዳታል። በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ጆሯቸውን ለጥፈው ቆዩ።

«ዝም ብላለች። ዝምታዋ ግን አላማረኝም» አሉኝ። «እሑድ ጠዋት ፈስኬ እቀምሳታለሁ። እስከዚያ አትንኳት።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሾፌሩ ደወለ። አርብ እኩለ ቀን ደርሶ ካልጫነ ሌላ ጭነት እንደሚያነሣ፣ ከዚያ ወዲያ አሥር ቀን እንደማይመለስ ነገረኝ። ስልኩን ይዤ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርሁት። ከዚያ አራት ሴቶች ጠራሁና አራተኛዋን ታንክ አስሞላሁ። መለኪያውስ? ሁለቱ ታንኮች በአንድ ቀን ስለተጠመቁ አንዷን ለክተን ለሁለቱም መጻፍ ልማዳችን ነበር። የሦስተኛዋን ቁጥር ለአራተኛዋም ጻፍሁ። እስከዚያ ቀን ሁለቱንም ለየብቻ የሚለያቸው የአያ ፈንታ ጉሮሮ ብቻ ነበር።

አርብ፣ ስቅለት ዕለት፣ መኪናው መጣ። ሰው ሁሉ ስግደት ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ያለነው እኔ፣ ዘበኛው፣ ሾፌሩና አራት ጫኞች ነን። አንዲት ጠርሙስ ከፍቼ ብቀምስ ኖሮ ጣፋጭነቷ ይነግረኝ ነበር፤ አያ ፈንታ ይህን አስተምረውኛል። ጠርሙሷን አንሥቼ ነበር። ግን ጾመኛ ነኝ፤ ቀኑ ደግሞ ስቅለት ነው። ዘበኛውም ጫኞቹም ጾመኞች ናቸው። ሾፌሩ ሙስሊም ነው፣ ቢራ አይነካም። መኪና ሙሉ ቢራ ከበን ቆመን አንዲት ጉንጭ የሚቀምስ ሰው ጠፋ።

ጠርሙሷን መለስሁ። ከዚያ መኪናው ደረጃ ላይ እንደቆምሁ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ «ቀማሽ» በምትለው መስመር የአያ ፈንታን ስም ጻፍሁና ፊርማቸውን አስመስዬ ፈረምሁ። እግዚአብሔርን እየፈራሁ አልቀመስሁም፤ የሰው ስም ለመስረቅ ግን እጄ አልተንቀጠቀጠም። እስካሁን ይህን ሳስበው በራሴ ላይ መሳቅም ማልቀስም ያቅተኛል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ለመልቀምም አልታደልሁም። እሑድ አያ ፈንታ ባዶውን ታንክ አዩ። «ሄደች?» አሉ። «ሄደች» አልሁ። በዳግም ትንሣኤ ማታ ዮናስ ደወለ።

«ደምሴ፣ መኪናው እያንጠባጠበ ነው የገባ። ግማሹ ሞያሌን ሳያልፍ ፈንድቷል። የቀረውን ስንከፍተው እንግዳው ላይ ዘነበ። እኒያ ሰውዬ በርግጥ ይችን ቀምሰው ነው የላኩልኝ?»

ፎርሙን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ላከው፤ ለኔ ሳይሆን ለወይዘሮ ብርቱካን።

በማግስቱ ሠራተኛውን ሁሉ ጠርሙስ መሙያው ቤት ሰበሰቡን። በወረቀት ያሳተሙትን ፎቶ አውጥተው ለአያ ፈንታ ሰጧቸው።

«አያ ፈንታ፣ ይች ፊርማ የርስዎ ናት?»

እሳቸው ወረቀቱን ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን ተጠጉ። ሰው ፊርማውን አያጣውም። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔን አዩኝ። አፌን ልከፍት ነው።

«የኔ ናት» አሉ።

«ቀኑ አርብ ይላል። ስቅለት ዕለት ቀመሱ?»

«ቀመስሁ። ምላሴ ሳተኝ።»

ቆርኪ ከሚመቱት ሴቶች አንዷ የደብራቸው ሰው ናት። «በስመ አብ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ወይዘሮ ብርቱካን ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ሰው ሲበተን ከጓሮ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዙኝ።

«ምን አደረጉ? ለምን?» አልሁ።

«ተው ዝም በል። ሰው እንዳይሰማህ» አሉኝ። «ይኸውልህ ደምሴ፣ ምላስ ይሳሳታል፤ ሰውም ይቅር ይለዋል። ወረቀታቸው ሐሰት ነው ከተባልን ግን ከዚህ ቤት የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ሐሰት ነው። ናይሮቢ ያለው ሰው እኛን በምን ያውቀናል? በወረቀት ነው። እኒህ ሴቶች ወዴት ይሄዳሉ?»

«የርስዎ ስምስ?»

«ሁለተኛዋ ጭነት በሰላም እስክትደርስ ታገሥ። ከዚያ አንተው ትናገራለህ።»

ዮናስ ይቅር አለ። «ሽማግሌ ተሳሳተ፤ ምን ይደረጋል» አለኝ፣ በራሱ አንደበት። ወሬው ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የገበያ ቀን ሳይደርስ ዘንገና ገባ። ፈንታ ስቅለት ዕለት ቢራ ጠጣ ተባለ። ማኅበሩ ከሙሴነት አነሣቸው። እሳቸው ስለ ዋሹት ቃል ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው ቀኖና ተቀበሉ፤ ለወራት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከዛፉ ሥር ቆመው ሲያስቀድሱ ሰው አያቸው። ሰውም፣ «አያችሁ፣ ባይጠጣማ ምን ያስቆመው ነበር?» አለ።

ሁለተኛዋ ጭነት በሐምሌ ደረሰች፤ አንዲት ጠርሙስ አልተሰበረችም። እየሮጥሁ ገብቼ ነገርኋቸው። ታንክ እያጠቡ ነበር።

«ደረሰች አያ! ሁሉም ሰላም ነው!»

«ተመስገን» አሉ። ከዚያ የሚያጥቡበትን ብሩሽ እንደያዙ አዩኝ። ይጠብቁኝ ነበር። ምን እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። «ዮናስ ሌላ ጭነት አዝዟል» አልሁ። «ጠርሙስ ቶሎ ማስመጣት አለብን» አልሁ። እሳቸውም «እሺ» ብለው ወደ ታንካቸው ዞሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን አንድም ጊዜ አላነሡብኝም። የሥራ ዘመኔ ትልቁ ውድቀት የትኛው ነው ብትሉኝ የፈነዳው መኪና አይደለም። ይህች ቅጽበት ናት።

ከዚያ ወዲያ ፋብሪካዋ አደገች። ካምፓላ ገዢ አገኘን። ታንኮቹ ስምንት ሆኑ፣ ሴቶቹ ሃያ። መንገድ ሲዘጋ እየተከዝን፣ ሲከፈት እየላክን ቆየን። እኔ ሰርተፍኬት ተሸለምሁ፣ ፎቶ ተነሣሁ። በየዓመቱ፣ «ዘንድሮ እናገራለሁ» እላለሁ፤ በየዓመቱ የምናጣው ነገር እየበዛ ይመጣና እተወዋለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ወግቼም አልረሳሁም፤ አለመርሳት ብቻውን ግን ለማንም አልጠቀመም።

አያ ፈንታ ከሁለት ዓመት በፊት ዐረፉ። እስከ መጨረሻው ከኔ ጋር እንደ ወትሮው ነበሩ፤ ያስቀምሱኛል፣ ይነጥቁኛል፣ «አንተ ትጠጣለህ» ይሉኛል። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆምሁ። ስለ ሙያቸው ተነገረ፣ ስለ ቸርነታቸው ተነገረ። ስለ ጾማቸው የተናገረ አልነበረም።

ከሽኝቱ በኋላ ሦስት ሳምንት ቆይቼ፣ አንድ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ወደ ዘንገና ሄድሁ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የዘር ድንች እየመረጡ ነበር። እንደተለመደው ተሳሳምን፤ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ካልቸኮልሁ እንደማልናገር ስለማውቅ ቸኮልሁ።

«እትዬ የሺ፣ አያ ፈንታ ያን ዓመት ስቅለት አልቀመሱም። ፊርማው የኔ ነው።»

እጃቸው ድንቹ ላይ ቆመ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ታንኩን፣ ሾፌሩን፣ ወረቀቱን፣ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ያሉኝን።

«በገዛ እጅህ ጻፍኸው?»

«በገዛ እጄ።»

«እሱ ያን ለት የት ነበር?»

«ቤተ ክርስቲያን። እርስዎም አብረው ነበሩ እኮ።»

«ነበርሁ» አሉ። «ከጥዋት እስከ ማታ ፊት ለፊቴ ሲሰግድ አይቸዋለሁ። በኋላ እሱ ራሱ ቀመስሁ ሲል፣ እንግዲያው ሳይመጣ ጠጥቶ ነው የመጣ ብዬ አሰብሁ።» ድንቹን ወደ ጎን ገፉት። «ነገ ማኅበር ነው። መጥተህ እንዲሁ እንደነገርኸኝ ትነግራቸዋለህ።»

በማግስቱ ሄድሁ። ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ተነሥቼ በማኅበርተኛው ፊት ተናገርሁ። ማንም ድምፅ ማጉያ አልሰጠኝም፣ ማንም አላጨበጨበም። ሲያልቅ ያሁኑ ሙሴ፣ አንድ ዕድሜ የጠገቡ ገበሬ፣ ቀስ ብለው ተነሡና፣ «ፈንታ ይቅር ይበለን» አሉ። ሰዉ ሁሉ አብሮ ተነሣ። አንዳንዱ ዕንባውን ጠረገ። ለኔ ክፉ ቃል የተናገረኝ አልነበረም፤ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ የሺ ብቻ ከተቀመጡበት አልተነሡም።

ወደ ቤታቸው ሸኘኋቸው። መንገዱን አጋምሰን ሳለ ቆሙ።

«አንተስ ቀለለህ» አሉኝ። «እኔ በየዓመቱ ስቅለት ጥዋት፣ ገና ከደጅ ሳይወጣ፣ ‹ዛሬስ በጾምህ ነህ?› እለው ነበር። ያችን ዓመት ተከትሎ በመጣው ስቅለት ሁሉ፣ እስኪሞት። ‹በጾሜ ነኝ የሺ› ይለኛል። አንድም ቀን አላመንሁት።»

ደግመው መራመድ ጀመሩ።

«አንተ ሰው ሰብስበህ ተናገርህ። እኔ ለማን ልናገር? መስማት ያለበት እሱ ነበር።»

ደጃፋቸው ድረስ አብሬአቸው ሄድሁ። ግባ አላሉኝም።